በእጅ ለሚሠራ ቅንጡ ሹራብ «እድገት» ምንድን ነው?

አንድ የልብስ ብራንድ አደገ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ትናንት መቶ ይሸጥ የነበረው ዛሬ ሺህ መሸጡን ነው። በእጅ በሚሠራ ሹራብ ግን ይህ ሒሳብ ቶሎ ይሰናከላል። ማሽን ገዝቶ መትከል ይቻላል፤ እጅ ግን ይሠለጥናል፣ ይደክማል፣ ያረጃል። ስለዚህ በዚህ ሥራ እድገት ማለት ከሁሉ በፊት የአንድ ሰዓት የእጅ ሥራ የሚያወጣውን ዋጋ ከፍ ማድረግ፣ እጆች ሲበዙም ጥራቱ እንዳይዛነፍ መጠበቅ ነው። የቁጥሩ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በወረቀት ላይ እናስላው። ጥለት ያለው፣ በቀጭን ክር የሚሠራ የአዋቂ ሹራብ 50 ሰዓት ይፈጃል ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ከዚያ የሚያልፍም ሞልቷል። አንዲት ሠሪ ከቤት ኃላፊነቷ ጎን ለጎን በሳምንት 20 ሰዓት ብትሠራ፣ በዓመት ውስጥ በ50 ሳምንት 1,000 ሰዓት፣ ማለትም 20 ሹራብ ይወጣታል። 1,000 ሹራብ ለመሸጥ ያሰበ ብራንድ 50 ሠሪ ያስፈልገዋል፤ 2,000 ካለ 100። ሁለተኛው ሺህ ከመጀመሪያው አንዲት ደቂቃ እንኳ አያተርፍም። ፋብሪካ ሲሰፋ የአንዱ ዕቃ ወጪ ይወርዳል፤ እዚህ ግን ጭራሽ ሊጨምር ይችላል። አዲሶቹን የሚያሠለጥን፣ ክር የሚያከፋፍል፣ የተሠራውን የሚፈትሽ ሰው ይጨመራልና።

ጣሊያናዊቷ የፋሽን ዲዛይነር ኤልሳ ስኪያፓሬሊ ይህን ገና ከጅምሩ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1927 ፓሪስ ላይ ስማቸውን ያስነሳው አንድ ጥቁር ሹራብ ነበር፤ አንገቱ ላይ የታሰረ የሚመስል ነጭ ቋጠሮ ከሹራቡ ጋር አብሮ የተሠራበት። የሠራችው አርመናዊት ስደተኛ ነጩን ክር ከጥቁሩ ጀርባ ይዛው ስለምትሄድ ሹራቡ እንደሌላው አይለጠጥም፣ ቅርጹንም አይለቅም። አንድ አሜሪካዊ ገዢ 40 ሹራብ ሲያዝ ዲዛይኑ አለ፣ ገበያው አለ፤ የጎደለው እጅ ነበር። ያንን አሠራር የሚያውቁ ሌሎች አርመናውያንን ከተማው ውስጥ ማፈላለግ ግድ ሆነ።

እጁ ተገኘ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ራስ ምታት የእጅ ልዩነት ነው። አንዷ ክሩን ታጠብቃለች፣ ሌላዋ ታላላለች። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አንዷ 22 ቀለበት (መርፌው ላይ የሚወጣ የክር ዙር)፣ ሌላዋ 20 ብታወጣ ልዩነቱ ከቁብ የሚገባ አይመስልም። ዙሪያው 220 ቀለበት ባለው ሹራብ ላይ ግን የመጀመሪያዋ ሥራ 100 ሴንቲ ሜትር፣ የሁለተኛዋ 110 ይሆናል። ጥለቱ አንድ፣ ክሩ አንድ፣ ልኩ ሁለት! «አጥብቀሽ ሥሪ» ማለት አይረዳም፤ እጅ ለጥቂት ረድፍ ይታዘዝና ወደ ልማዱ ይመለሳል። የሚሻለው አላልታ ለምትሠራው ቀጠን ያለ መርፌ መስጠት ነው። ለዚህም እያንዳንዷ ሠሪ በቅድሚያ ናሙና ትሠራለች፤ ናሙናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይለካል (ሳይታጠብ የተለካ ናሙና ያታልላል)፤ ለእጇ የሚስማማው የመርፌ ቁጥርም ይመዘገባል። አንድ ሹራብ ከጀመረችው ሴት እጅ ባይወጣ ይመረጣል፤ እጅጌውን ሌላ ሰው ከሠራው ለዐዋቂ ዐይን ያስታውቃል። ክሩም በአንድ ጊዜ አብሮ የተነከረ መሆን አለበት፤ አለዚያ ደረቱና ጀርባው ቀለማቸው ይለያያል። አሰልቺ ዝርዝር ነው፤ ነገር ግን ለእኔ የብራንዱ ሀብት ከአርማው ይልቅ ይህ መዝገብ ነው።

ለረጅም ጊዜ በዚህ መንገድ ከሄዱት መካከል የስዊድኑ ቦሁስ ስቲክኒንግ ይጠቀሳል። በ1930ዎቹ ቦሁስላን በተባለው ምዕራባዊ የባሕር ጠረፍ የድንጋይ ጠረባ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሠራተኞቹ ሚስቶች ገቢ የሚያገኙበት ነገር ፈለጉ፤ የአገረ ገዢው ባለቤት ኤማ ያኮብሰን በ1939 ድርጅቱን አቋቋሙ። መነሻው የሥራ ዕድል ቢሆንም ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው በርኅራኄ እንዲሆን አልተፈለገም። ጥቂት ዲዛይነሮች ጥለት ያወጣሉ፤ ሴቶቹ ክሩን ተቀብለው በየቤታቸው ይሠራሉ። በአንገትና በትከሻ ዙሪያ የሚያርፈው ጥለት ብዙ ቀለም ይይዛል፤ ወደ ውስጥ መግባት የነበረባቸው አንዳንድ ቀለበቶች ሆን ተብሎ በፊት ለፊት እንዲወጡ ስለሚደረግ ቀለሞቹ እርስ በርስ የሚደባለቁ ይመስላሉ። ከሱፍ ጋር የአንጎራ ጥንቸል ጸጉር የተቀላቀለበት ክር ደግሞ ያንን ብዥታ ያለሰልሰዋል። አሜሪካ ድረስ ተሸጠ። በ1969 ግን ድርጅቱ ተዘጋ። ሠላሳ ዓመት መቆየቱን እንደ ውድቀት የሚቆጥር ካለ እኔ አልስማማም፤ ብዙ የፋሽን ድርጅት ያን ያህል አይቆይም።

ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሚንር ለሚገርመው፦ በተለመደው አሠራር የጅምላ ዋጋ የወጪው እጥፍ ገደማ፣ የሱቁ ዋጋ ደግሞ የጅምላው እጥፍ ነው። ለሠሪዋ የተከፈለ 1 ዶላር መደርደሪያ ላይ ሲደርስ ወደ 4 ይጠጋል። ለዚህ ነው አነስተኛ ብራንዶች ሱቅን ትተው በቀጥታ ለለባሹ መሸጥ፣ እንዲያውም ትእዛዝና ቀብድ ተቀብለው መሥራት የሚመርጡት። ደንበኛው ጥቂት ሳምንታት ይጠብቃል፤ ድርጅቱም ያልተሸጠ ክምችት አቅፎ አይቀመጥም።

ሌላው መንገድ ወደ ማሽን መሻገር ነው፤ ነውርም የለበትም። ሚሶኒ የተባለውን የሹራብ ብራንድ ያቋቋሙት ባልና ሚስት ኦታቪዮና ሮዚታ ሚሶኒ በ1953 ጣሊያን ውስጥ ሲጀምሩ በማሽን ነው፤ ቅንጡነቱን ያመጡት በቀለምና በጥለት። ሌላው ጣሊያናዊ ዲዛይነር ብሩኔሎ ኩቺኔሊም በ1978 የተነሱት ቀለም የገባ የካሽሚር ሹራብ ይዘው ነው፤ ከአንድ ፍየል በዓመት የሚገኘው ለስላሳ የውስጥ ጸጉር ተጣርቶ ከ200 ግራም ብዙም ስለማይበልጥ ውድነቱ ከክሩ ይጀምራል። በ1995 የጃፓኑ የማሽን አምራች ሺማ ሴይኪ ሙሉ ሹራብ ያለ ስፌት የሚያወጣ ማሽን ለገበያ አቅርቧል። ችግር የሚመጣው የማሽኑን ሥራ በእጅ ሥራ ዋጋና ስም ለመሸጥ ሲሞከር ነው።

«በእጅ የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሸፍን ይችላል። በመርፌ ቀለበት በቀለበት የተሠራ አለ፤ ሰው በእጁ እየገፋ በሚያንቀሳቅሰው ማሽን የተሠራ አለ፤ ማሽን ሠርቶት አንገቱና ማያያዣው ብቻ በእጅ የተጠናቀቀም አለ። ሁለተኛውም ሆነ ሦስተኛው ሙያ ይጠይቃል፤ ሰዓቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ኪሮሽ ለብቻው ነው፤ እውነተኛ ኪሮሽ የሚሠራ የፋብሪካ ማሽን ስለሌለ፣ በርካሽ የተሸጠ የኪሮሽ ቀሚስ ካለ ቅናሹ የተገኘው ከሠሪዋ ክፍያ ላይ ነው። ገዢ ሻጩን ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አጭር ነው፦ ይህ ስንት ሰዓት ወሰደ፣ ለሰዓቱስ ስንት ተከፈለ? መዝገቡን በሚገባ የያዘ ብራንድ ቁጥሩ አይጠፋበትም።