የፀጉር መርገፍ ምንድን ነው? ሕክምናውስ?

ማበጠሪያ ላይ ተጠምጥሞ የሚቀር ፀጉር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ጤነኛ ሰው ግን በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል፤ ራስ ላይ 100,000 ያህል ፀጉር ስላለ ይህ የሚያሳስብ አይደለም። አንድ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት እድገቱን ይገታል፣ ሦስት ወር ያህል አርፎ ይወድቃል፤ ከዚያው ሥር ደግሞ ሌላ ይበቅላል። ችግር የሚመጣው ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ሲገባ፣ ተተኪው ፀጉር እየቀጠነ ሲሄድ ወይም ሥሩ ራሱ ሲጠቃ ነው። ስለዚህ «ለሚረግፍ ፀጉር መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ጉንፋን ይሁን የሳንባ ነቀርሳ ሳይለዩ ለሳል መድኃኒት እንደ መጠየቅ ነው።

ብዙ ሴቶችን የሚያስጨንቀው፣ ግን ከሁሉም የዋህ የሆነው፣ በድንገት በብዛት የሚረግፈው ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ወደኋላ ሲቆጠር ይገኛል፦ ወሊድ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ፈጣን የክብደት መቀነስ፣ ከባድ ሐዘን። ሰውነት በተናጋበት ጊዜ ብዙ ፀጉር አብሮ ወደ ዕረፍት ስለሚገባ፣ ውጤቱ የሚታየው ጉዳዩ ከተረሳ በኋላ ነው። ሰዎችም ጥፋቱን ባለፈው ሳምንት በተቀየረው ሻምፑ ላይ ይጥላሉ። መነሻው ካለፈ ፀጉሩ በወራት ውስጥ ይመለሳል። የብረት እጥረትና የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ግን ካልታከሙ መርገፉን ያራዝማሉ፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። በዚህ መካከል የሚሸጡት የባዮቲን (የቫይታሚን ዓይነት) እንክብሎች የባዮቲን እጥረት ለሌለበት ሰው መጥቀማቸው አልተረጋገጠም፤ ይልቁንም የታይሮይድን ጨምሮ አንዳንድ የላቦራቶሪ ውጤቶችን ያዛባሉ። የሚወስድ ሰው ከምርመራ በፊት ለሐኪሙ ቢናገር ይበጀዋል።

በጣም የተለመደው ዓይነት ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው የዘር በራነት ነው። የወንዶችን ፀጉር ከግንባር ያሸሻል፣ አናታቸውን ያራቁታል፤ ሴቶችን ደግሞ የግንባሩን መስመር ሳይነካ መሐል አናት ላይ ያሳሳል። አሜሪካዊው የሰውነት ጥናት ምሁር ጄምስ ሃሚልተን በ1942 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች በራ እንደማይሆኑ፣ ቴስቶስተሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው በራነት ያለባቸው ፀጉራቸው መሳሳት እንደሚጀምር አሳየ። ሆርሞኑ ብቻውን አይበቃም፤ ዘሩም ያስፈልጋል ማለት ነው። ቴስቶስተሮን በሰውነት ውስጥ ዳይሃይድሮቴስቶስተሮን ወደሚባል ይበልጥ ብርቱ ሆርሞን ይለወጣል፤ በዘር የተጋለጡ የፀጉር ሥሮች በእርሱ ተጽዕኖ በየዑደቱ እያነሱ ይሄዳሉ። የሚያበቅሉትም ፀጉር እየቀጠነና እያጠረ መጥቶ በመጨረሻ ለዓይን የማይሞላ ለስላሳ ፀጉር ይሆናል።

ለዚህ የሚታዘዘው ፊናስቴራይድ ቴስቶስተሮን ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስተሮን እንዳይለወጥ የሚያግድ ክኒን ነው። በአሜሪካ ለወንዶች በራነት የተፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን መጠኑ በቀን 1 ሚሊግራም ነው። በጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የብልት መቆም ችግር ያስከትላል፤ የስሜት መጨፍገግ የገጠማቸውም አሉ። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚደረገውን የደም ምርመራ ቁጥር በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ ለሐኪም መነገር አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት የወንድ ፅንስ ሊጎዳባት ስለሚችል የተሰበረውን ክኒን በእጇም መንካት የለባትም።

ሚኖክሲዲል ታሪኩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ባልታሰበ ቦታ ሁሉ ፀጉር ሲያበቅሉ የራስ ቆዳ ቅባት ሆነና በ1988 እ.ኤ.አ. ለወንዶች፣ ቆይቶም ለሴቶች ተፈቀደ። ብዙዎች የሚያቋርጡት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ስለሚብስ ነው። ይህ ግን ያረፈው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ የሚታይ ስለሆነ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ለውጡን ለመመዘን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ሻጮች የማይናገሩት ነገር ግን አለ፦ ሁለቱም መድኃኒቶች የሚሠሩት እስከተወሰዱ ድረስ ነው። ሲቆሙ የተገኘው ፀጉር በወራት ውስጥ ይሄዳል። ከመጀመር በፊት «ለዓመታት እቀጥለዋለሁ ወይ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ላሽ ከዚህ ሁሉ ይለያል። የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ ክብ ክብ ሆኖ ይመለጣል፤ አልፎ አልፎ ቅንድብንና ሽፋሽፍትን ጨምሮ ሁሉንም ይወስዳል። ሥሩ ግን አይሞትም፤ ትንሹ ላሽ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። ካልሆነ የመከላከያውን ጥቃት የሚያበርድ የስቴሮይድ መርፌ ቦታው ላይ ይወጋል። ለከባዱ ዓይነት ለረጅም ጊዜ ይህ ነው የሚባል ሕክምና አልነበረም። በ2022 እ.ኤ.አ. ባሪሲቲኒብ የተባለው ክኒን ለአዋቂዎች በአሜሪካ ጸደቀ፤ በኢንፌክሽን የመጋለጥ አደጋ ስላለው ያለ ክትትል አይወሰድም። በልጆች ላይ የሚታይ ቅርፊት ያለው መመለጥ ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ፈንገሱ በፀጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አይደርስበትም፤ የሚዋጥ ያስፈልጋል።

ፀጉር ንቅለ ተከላ የተመሠረተው የኒው ዮርኩ የቆዳ ሐኪም ኖርማን ኦሬንትራይክ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ግኝት ላይ ነው፦ ከማጅራት የተወሰደ ፀጉር ግንባር ላይ ቢተከልም የማጅራትነት ጠባዩን ይዞ ይኖራል። አዲስ ፀጉር ግን አይፈጠርም፤ ያለው ቦታ ይቀየራል እንጂ። ማጅራቱ የሳሳ ሰው የሚወስደው የለውም፤ በሃያዎቹ ዕድሜ ተቻኩሎ ግንባሩን ያስተከለም ከኋላው ያለው የራሱ ፀጉር መሸሹን ሲቀጥል መሐሉ ባዶ ሊቀርበት ይችላል።

ጊዜ የማይሰጠው ጠባሳ የሚተወው ዓይነት ነው። እብጠቱ የፀጉሩን ሥር በጠባሳ ይተካዋል፤ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ የፀጉር ቀዳዳ አይታይበትም፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ምንም ቅባት አያበቅልም። ሕክምናው የቀረውን ለማዳን ነው። አጥብቆ መጎንጎንና ከባድ ሰው ሠራሽ ፀጉር መቀጠል በጆሮ ግንድና በግንባር ጠርዝ የሚያደርሰው መሳሳትም በጊዜ ከላላ ይመለሳል፣ ከተራዘመ ግን ወደዚሁ ያመራል። የራስ ቆዳ ላይ ማቃጠል፣ ሕመም፣ መግል ወይም የማያቋርጥ ማሳከክ ከመርገፉ ጋር ከመጣ፣ ወራት የሚፈጅ የቅባት ሙከራ ትቶ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ሐኪሙ ከጠረጠረ ትንሽ የቆዳ ናሙና ወስዶ ሥሩ በሕይወት መኖሩን ያያል።