722 ቁጥር ደሴ ላይ፦ ስለ ድሮ የጽናት ውድድር መኪኖች ሞዴል

የድሮ የጽናት ውድድር መኪኖች ሞዴል የእውነተኛው መኪና ትንሽ ግልባጭ ነው። ለልጅ መጫወቻ አይደለም። ለመሰብሰብና መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ ይሠራል። የጽናት ውድድር የሚባለው ደግሞ ከፍጥነት እኩል ሳይሰበሩ መዝለቅ የሚፈለግበት ነው። ስመ ጥሩው የፈረንሳዩ ለማን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1923 ተጀመረ። ለ24 ሰዓት ይነዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ርቀት የሄደ ያሸንፋል።

ወሎ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ጭነት ይዞ የወጣ ኤንትሬ ምን ጎደለው? ሞዴሉም ቢሆን ነበረን። ገላው ሽቦ፣ ጎማው ቆርኪ።

የሰብሳቢ የመጀመሪያ ጥያቄ ልኩ ስንት ነው የሚል ነው። የተለመዱት 1/43 (ከእውነተኛው 43 ጊዜ ያነሰ) እና 1/18 ናቸው። የውድድር መኪናውን ፎርድ ጂቲ40ን እንውሰድ። 40 የተባለው ከፍታው 40 ኢንች፣ ማለትም 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነው። በ1/43 ሲሠራ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከቡና ሲኒ ጎን ቢቆም ትንሽዬ ነው።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። ዳይካስት የሚባለው ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከተጨመቀ የዚንክ ቅይጥ ይሠራል። ከበድ ይላል፤ በትልቁ ልክ በሩና ኮፈኑ ይከፈታል። ሁለተኛው ሬዚን ነው፤ ፈሳሽ ሆኖ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር። አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም፤ የገላው መስመር ግን የጠራ ነው። ስፓርክ የሚባለው ሞዴል ሠሪ በዚህ ይታወቃል። ሲኤምሲ የሚባለው ኩባንያ ደግሞ አንዱን 1/18 ሞዴል ከ1,000 በላይ ክፍሎች ገጣጥሞ ያወጣዋል። ዋጋው ኪስ ያራግፋል።

ሞዴሉን ሞዴል የሚያደርገው ግን በእኔ እምነት ቁጥሩ ነው። ሰብሳቢ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ብቻ ብሎ አይገዛም። 722 ቁጥሩን ይላል። ቁጥሩ የመጣው ሚሌ ሚሊያ ከሚባለው የጣሊያን የመንገድ ውድድር ነው፤ ከብሬሻ ሮም ደርሶ መልስ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ቁጥሩ መኪናው የተነሳበት ሰዓት ነው። እንግሊዛዊው ነጂ ስተርሊንግ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1955 የተነሳው 7:22 ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ22። አጠገቡ የተቀመጠው ዴኒስ ጄንኪንሰን ኩርባውን ሁሉ ከጥቅል ወረቀት እያነበበ በእጅ ምልክት ይነግረው ነበር፤ በሞተሩ ጩኸት ድምፅ አይሰማማ። በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨረሱ። ርቀቱ ከደሴ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ነው። በእኛ አውቶቡስ አንዱ መንገድ ብቻ ቀን ይፈጃል።

እዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የዚሁ መኪና አምሳያ ለማን ላይ ተመልካች መሃል ገብቶ ከ80 ሰው በላይ ሞተ። መርሴዲስም ዓመቱ ሲያልቅ ከውድድር ወጣ። ሁለቱ መኪኖች በመልክ በጣም ይቀራረባሉ፤ ቶሎ የሚለያቸው ቁጥሩ ነው።

ከፖርሽ 917ም ቀይና ነጩ 23 ቁጥር ይፈለጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ለፖርሽ የመጀመሪያውን የለማን አጠቃላይ ድል ያመጣ ነው። 956 ደግሞ በ1982 አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሲወጣ የመኪኖቹም ቁጥር 1፣ 2፣ 3 ነበር። በጎናቸው ላይ የሮዝማን ሲጋራ ስም ተጽፎ ነበር። የትምባሆ ማስታወቂያ ስለሚከለከል አንዳንድ ሞዴል ያለ ስሙ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ተለጣፊውን ለብቻ ፈልጎ ይለጥፋል።

አያያዙ ቀላል ነው፤ ከፀሐይ ማራቅ፣ በክዳን መሸፈን። የድሮ ዳይካስት ግን የራሱ በሽታ አለው። ቅይጡ ውስጥ እርሳስ ከገባ ብረቱ ከውስጥ ይሰነጠቅና እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። እርጥበት ያፋጥነዋል። የደሴን ጉም የሚያውቅ ይጠንቀቅ።

እኔ ያለችኝ አንዲት 722 ናት። አክስቴ ቡና ስታፈላ ባየቻት ቁጥር፣ «አንተ፣ ይሄን ሁሉ ብር ለማትሄድ መኪና?» ትለኛለች።

«እትዬ፣ አዲስ አበባ ሁለቴ ደርሳ መጥታለች እኮ» እላታለሁ።