የአሰልጣኝ ቅጥር በኢትዮጵያ እግር ኳስ

በእኛ ሀገር አሰልጣኝ የሚቀጠረው ክረምት ላይ ነው። ሊጉ ያልቃል፣ ዝናቡ ይገባል፣ ቦርድ ይሰበሰባል። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ማን ከማን ተለያየ፣ ማን የት ፈረመ የሚል ወሬ ብቻ ነው። ከዚያ ፎቶው ይወጣል። ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ፣ በአንድ በኩል ኮት የለበሰ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ፣ በሌላ በኩል አሰልጣኙ፣ መሃል ላይ ሁለቱም ጫፍ ጫፉን የያዙት ማሊያ። ከሥሩ "በ2 ዓመት ውል" ይላል። ሁለት ዓመቱ ብዙ ጊዜ ጥር ላይ ያልቃል።

ለምን እንዲህ ቶሎ እንደሚያልቅ ለማወቅ መጀመሪያ ቀጣሪው ማን እንደሆነ ማየት ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመርም ሆነ ዛሬ፣ አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በመንግሥት ገንዘብ ነው። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ ስማቸው ራሱ ይናገራል፣ የከተማ አስተዳደር ናቸው። ንግድ ባንክ የባንኩ ነው፣ መድን የመድን ድርጅቱ፣ መቻል የመከላከያ። ስለዚህ አሰልጣኙን የሚቀጥሩት የቦርድ አባላት ዋና ሥራቸው ሌላ ነው። አንዱ ከንቲባ ነው፣ አንዱ የቢሮ ኃላፊ፣ አንዱ የባንክ ሰው። ኳስ አይወዱም ማለቴ አይደለም፣ ይወዳሉ፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከልክ በላይ ይወዳሉ። ግን አሰልጣኝን በምን መለካት እንዳለባቸው ከደረጃ ሰንጠረዡ ሌላ በእጃቸው ያለ ነገር የለም። በጀት ያጸደቀው ሰው ደግሞ በየሳምንቱ "ገንዘቡ የት ገባ?" ይላል።

አቀጣጠሩ ራሱ ሁለት መንገድ አለው። ብሔራዊ ቡድን ላይ ፌዴሬሽኑ አንዳንዴ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ማስረጃ ይሰበስባል፣ ያወዳድራል። ክለብ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ በስልክ ነው። አንድ የቦርድ ሰው አንድ አሰልጣኝ ያውቃል፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ያውቃል። በወረቀት የሚጠየቀው ዋናው ነገር ላይሰንስ ነው። በአፍሪካ ውድድር የሚካፈል ክለብ ዋና አሰልጣኙ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ኤ ላይሰንስ እንዲኖረው ካፍ ያስገድዳል። ላይሰንሱ ካለ የቀረው ድርድር ነው፦ ደመወዝ፣ ቤት፣ ረዳቶቹን ይዞ ይመጣል ወይስ ያሉትን ይቀበላል። ይህ የረዳት ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ክለቡ የራሱን ምክትል ያስቀምጥለታል፣ አሰልጣኙ ደግሞ ያንን ምክትል ወንበሩን እንደሚጠብቅ ሰው አድርጎ ያየዋል። ብዙ ጊዜም አይሳሳትም።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የተጫዋች ዝውውር ነው። ውጭ ሀገር ተጫዋች የሚመርጥ ስፖርት ዳይሬክተር አለ። እኛ ጋ በአብዛኛው ያ ሰው አሰልጣኙ ነው፣ ዝርዝሩን የሚሰጠው እሱ ነው፣ ለተጫዋቹ የሚደውለውም እሱ ነው። የተጫዋቾች ውል አጭር ስለሆነ አሰልጣኝ ሲቀየር ቡድኑም አብሮ ይቀየራል። አዲሱ ሰው ከድሮ ክለቡ የሚያውቃቸውን ልጆች ይዞ ይመጣል፣ እሱ ሲሄድ እነሱም ይበተናሉ። አንድ አሰልጣኝ መቅጠር ማለት እዚህ ሀገር አንድ ሙሉ ቡድን መቅጠር ነው ማለት ይቻላል፤ ማባረርም እንደዚያው ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየው የገብረመድኅን ኃይሌ ታሪክ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ገና ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫ በላ፣ አሰልጣኙ ገብረመድኅን ነበር። በማግስቱ ዓመት ሰውየው መቐለ 70 እንደርታ ሄደ። 2011 ላይ ሻምፒዮኑ መቐለ ሆነ። ጅማስ? ያንን ከፍታ ዳግም አላየውም። ክለቡ ዋንጫውን ሲያነሳ የራሱ ይመስለው ነበር፣ ለካ ግማሹ የአሰልጣኙ ሻንጣ ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ መባረር እንምጣ፣ ቅጥሩን ያለ ስንብቱ ማየት አይቻልምና። በእኛ ክለቦች የተለመደ አንድ ነገር አለ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ሦስት አራት ጨዋታ ከተሸነፈ ቦርዱ ለአሰልጣኙ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጽፋል። "ከቀጣዮቹ ጨዋታዎች ይህን ያህል ነጥብ ካላመጡ…" ይላል፣ ልክ ቢሮ አርፍዶ ለገባ ሠራተኛ እንደሚጻፈው። ወዲያው ደብዳቤው ሚዲያ ላይ ይወጣል። ተጫዋቾቹ ያነቡታል። ከዚያ በኋላ ልምምድ ሜዳ ላይ "ሩጥ" የሚለውን ሰው ማን ይሰማዋል? ነጥቡ አይመጣም፣ አሰልጣኙም ይሄዳል። በዜናው ላይ ግን "ተባረረ" አይባልም፣ "በጋራ ስምምነት ተለያዩ" ነው የሚባለው። የጋራ ስምምነቱ ውስጥ አንዳንዴ ያልተከፈለ የስንት ወር ደመወዝ አለ።

ሕጉ እዚህ ላይ ዝም አላለም። ፊፋ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሰልጣኞችን ውል የሚመለከት የራሱ ደንብ አለው። ያለ በቂ ምክንያት ውል ያቋረጠ ክለብ ካሳ ይከፍላል። ከውጭ የመጣ አሰልጣኝ ክሱን ወደ ፊፋ ይወስዳል፣ የሀገር ልጅ ደግሞ ወደ ፌዴሬሽኑ። የተፈረደበትን ያልከፈለ ክለብ ተጫዋች እንዳያስፈርም ሊታገድ ይችላል። ክረምት ላይ አዲስ አሰልጣኝ ቀጥሮ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በአሮጌው ዕዳ ምክንያት ልጆቹን ማስመዝገብ ያቃተው ክለብ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

አሰልጣኙ ሲሄድ ምክትሉ "በጊዜያዊነት" ይረከባል። ይህች ቃል ስንቱን አሳልፋለች መሰላችሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የ2014ን ውድድር ዓመት የጀመረው በሰርቢያዊው ዝላትኮ ክራምፖቲች ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩና ቡድኑን ዘሪሁን ሸንገታ ያዘ። ያን ዓመት ጊዮርጊስ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2015ም ደገመው። ከፈረንጅ ጋር የጊዮርጊስ ዝምድና የቆየ ነው፦ ሌላው ሰርቢያዊ አሰልጣኝ ሚቾ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሠርቷል፣ በ2009 ደግሞ ክለቡ በሆላንዳዊው ማርት ኖይ እየተመራ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኗል። ስለዚህ "ፈረንጅ ነው የሚሻለን ወይስ የሀገር ልጅ?" የሚለው የቡና ቤት ክርክር መልሱ ፓስፖርት ላይ ያለ አይመስለኝም።

ኢትዮጵያ ቡና ያደረገው ደግሞ ለየት ይላል። የቡና ደጋፊ ካሳዬ አራጌን የፈለገው ለዋንጫ ብቻ አልነበረም፣ ለአጨዋወት ነው። ካሳዬ የክለቡ የቀድሞ ተጫዋች ነው፣ አሜሪካ ሲኖር ቆይቶ ተመልሶ በ2012ቱ ውድድር ዓመት ቡድኑን ያዘ። ኳስ ከበረኛ ጀምሮ በእግር ይወጣል፣ ረጅም ኳስ የለም። መጀመሪያ አካባቢ በገዛ ሜዳ ላይ ኳስ እየተነጠቁ ጎል ሲገባባቸው ደጋፊው ፀጉሩን እየነጨ ያይ ነበር። ግን ታገሡት። በ2013 ቡና ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ አቡበከር ናስር በአንድ ውድድር ዓመት 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደው እንጂ ስለዚያ ዓመት ሲወራ ቡናን ያላነሳ ሰው አላጋጠመኝም።

ብሔራዊ ቡድኑ ላይ ስንመጣ ወንበሩ ይበልጥ ይሞቃል። ኢፊ ኦኑራ መጣ ሄደ፣ ቤልጂየማዊው ቶም ሴይንትፊት መጣ፣ በወራት ውስጥ ሄደ። ከዚያ ሰውነት ቢሻው ተመለሰ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተሸነፍንበትን ጨዋታ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች ቀለበስነው፣ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። ያን ማታ ሰውነትን ከንጉሥ ማን ለየው! በ2006 ግን ቡድኑ በሀገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚዘጋጀው የአፍሪካ ውድድር (ቻን) ሦስቱንም ጨዋታ ጎል ሳያገባ ተሸንፎ ሲመለስ ተሰናበተ። በመሃል ለዓለም ዋንጫ መጨረሻው ማጣሪያ አድርሶን ነበር፣ በናይጄሪያ ተሸነፍን እንጂ። ቦታውን የያዘው ፖርቹጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን፣ አሸናፊ በቀለ ተከተሉ።

የመንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ ያበቃው አብርሃም መብራቱ በ2010 ክረምት ተቀጠረ። ባህር ዳር ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 አሸነፈ። ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ ጨዋታ ቆመ፣ ውሉ አለቀ፣ አልታደሰም። ውበቱ አባተ በመስከረም 2013 ያንኑ ማጣሪያ ከመሃል ተረከበና በስድስት ወሩ ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ አሳለፈው። ማሳለፉ የውበቱ ነው፣ ግን አይቮሪኮስት ላይ የተገኘችው 3 ነጥብ በአብርሃም ጊዜ የመጣች መሆኗን ማን ያስታውሳል? ሰኔ 2014 ላይ ውበቱ ግብጽን ማላዊ ሜዳ ላይ 2 ለ 0 ረታ፤ የሀገር ቤት ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ነው "በሜዳችን" ማላዊ የሄድነው። በመጋቢት 2015 ከጊኒ ጋር ሁለት ጨዋታ ተሸነፈ፣ እሱም ወንበሩን ለቀቀ።

ከዚህ ሁሉ ውዝዋዜ ውጭ የቆየ አንድ ቡድን ባለፉት ዓመታት አለ፣ የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን። በእነዚያ ዓመታት አሰልጣኙ ብርሃኑ ግዛው ነበር። ቡድኑ በ2013 መጨረሻ ለአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ በሚያበቃው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ (ሴካፋ) ማጣሪያ ፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ሲሸነፍ አሰልጣኙ እሱ ነበር፣ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያሰናበተው የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ማጣሪያ ሌላ የኬንያ ቡድን አሸንፎ ሲወስድና ወደ ሞሮኮ ለአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ሲጓዝም ከሜዳው ዳር ቆሞ የነበረው ያው ብርሃኑ ነው።