ፐርሲስተንስ ምንድን ነው? ፍላሽ ላይ ኢንስቶል ማድረግ ማለት ነው?

«ሊኑክስ ፍላሼ ላይ ኢንስቶል አድርጌ ነበር፤ አፕዴት ሳደርገው ሞላና አልነሳ አለ» ይላል ጠያቂው። ስር ስሩን ሲጠየቅ ኢንስቶል ያደረገው ነገር የለም። ሩፈስ በሚባለው የፍላሽ መሥሪያ ፕሮግራም ላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሹ የሚነሳ ሲስተም) ሲሠራ የፐርሲስተንስን መጠን ጎትቶ ከፍ አድርጓል፣ በቃ። አይኤስኦ ፍላሽ ላይ መጻፍንና ከፍላሽ ማስነሳትን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ላይቭ ኡቡንቱ ውስጥ ሲስተሙ ያለው ስኳሽኤፍኤስ በሚባል፣ ታጭቆ በተዘጋና በማይጻፍበት ፋይል ነው። ማሽኑ ሲነሳ ኦቨርሌይኤፍኤስ በዚያ ላይ የሚጻፍበት ንጣፍ ይዘረጋል። ንጣፉ ራም ላይ ከሆነ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ፍላሹ ላይ ከሆነ ይቆያል። ፐርሲስተንስ ማለት ይህቺው ንጣፍ ናት።

ከትምህርት ቤት በውሰት የተሰጠ መጽሐፍ አስቡ። መጻፍ ክልክል ስለሆነ በየገጹ የሚያሳይ ላስቲክ አንጥፋችሁ ላስቲኩ ላይ ትጽፋላችሁ። አንድ መስመር ለመሰረዝ ነጭ ወረቀት ትለጥፉበታላችሁ፤ መስመሩ ተሸፈነ እንጂ መጽሐፉ አልሳሳም። ሊብሬኦፊስን (የቢሮ ሥራ ፕሮግራሙን) ከላይቩ ብታጠፉት ቦታ የማይለቀው ለዚህ ነው። አንዲት ቃል ለማረም ደግሞ ገጹ በሙሉ ላስቲኩ ላይ መገልበጥ አለበት፤ ኦቨርሌይ ፋይል የሚቀዳው ሙሉውን ነው። ስለዚህ አፕግሬድ በተደረገ ቁጥር አሮጌው ከስር፣ አዲሱ ከላይ ሆነው ሁለቱም ቦታ ይይዛሉ። 4 ጊጋባይት ንጣፍ ይህን ብዙ አይችልም፤ ሲሞላ ዴስክቶፑ ጊዜያዊ ፋይሎቹን የሚጽፍበት አጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ደግሞ የባሰ ነው። ቡትሎደሩ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከርነሉንና ኢኒትአርዲውን (ለመነሳት የሚያስፈልገውን ጊዜያዊ የፋይል ጥቅል) የሚያነሳው ካስፐር ከሚባለው ፎልደር፣ ላስቲኩ ገና ሳይነጠፍ ነው። አዲስ ከርነል ብትጭኑ ንጣፉ ላይ ይቀመጣል፣ የሚነሳው ግን የድሮው ነው። የተደፈነ የመሰላችሁ የደኅንነት ቀዳዳም እንደተከፈተ ይኖራል።

«ፋይሌ ከተቀመጠልኝ ስሙ ምን ያደርግልኛል?» ለሚል ሰው፦ ፋይል ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ እውነትህን ነው፣ ምንም አያደርግልህም። ሲስተሙን እያደስክ ለወራት ልትሠራበት ከሆነ ግን የምትገነባው ላስቲክ ላይ ነው።

ፐርሲስተንስ ለሚበቃችሁ፦ ፋት32 በሚባለው የፍላሽ ፎርማት ላይ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መሙላት ስለማይችል፣ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ፋይሉን ትታችሁ ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፎርማት ፓርቲሽን (ለብቻው የተከፈለ የፍላሹ ክፍል) ሥሩ። መለያ ስሙ ኡቡንቱ 20.04ና ከዚያ ወዲህ በወጡት «ራይተብል» ነው፤ ዴቢያን በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ «ፐርሲስተንስ» ሆኖ፣ በዚያው ስም የኮንፍ ፋይል ተፈጥሮ «ስላሽ ዩኒየን» የሚል አንድ መስመር ይጻፍበታል (በምልክትና በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ)። የቡት መስመሩ (ከርነሉ ሲነሳ የሚሰጠው ትእዛዝ) ላይ የሚጨመረው ቃል ኡቡንቱ ላይ «ፐርሲስተንት»፣ ዴቢያን ላይ «ፐርሲስተንስ» ነው። በመጨረሻዋ ፊደል ብትሳሳቱ ማንም አይነግራችሁም፤ ተራ ላይቭ ሆኖ ይነሳና የሠራችሁት ሁሉ ሲጠፋ ታውቁታላችሁ።

እውነተኛ ኢንስቶሌሽን ለምትፈልጉ ሁለት ፍላሽ ያስፈልጋል፦ አንዱ ላይቭ፣ ሌላው ቢያንስ 32 ጊጋባይት የሆነ ማረፊያ። ማረፊያው ላይ 512 ሜጋባይት የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (ቡትሎደሩ የሚቀመጥበት) በፋት32፣ የቀረውን በኤክስት4። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጉድ ይሆናል፤ ኢንስቶለሩ ግረብን (የሊኑክስን ቡትሎደር) ላፕቶፑ ውስጥ ባለው ዲስክ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ላይ ሊጽፈው ይችላል። ያን ጊዜ ፍላሹ ሲነቀል ላፕቶፑ በጥቁሩ የግረብ መስመር ይቀበላችኋል፣ ፍላሹም ሌላ ማሽን ላይ አይነሳም። ከመጀመራችሁ በፊት የውስጡን ዲስክ ንቀሉት ወይም ባዮሱ የሚፈቅድ ከሆነ ዝጉት። አለዚያ በኋላ ግረብ-ኢንስቶልን ከ«ሪሙቨብል» ምርጫ ጋር አስኪዱት፤ ቡትሎደሩን የትኛውም ማሽን በሚፈልገው በኢኤፍአይ ቡት ፎልደር ያስቀምጠዋል። ኤፍኤስታብ በሚባለው፣ ፓርቲሽኖች እንዴት እንደሚከፈቱ በሚጻፍበት ፋይል ላይ «ኖኤታይም» ጨምሩ፤ ፋይል ሲነበብ የተነበበበት ሰዓት እየተጻፈ ፍላሹ አይድከም።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር። የኡቡንቱ ላይቭ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል የለውም፣ ሱዱም (የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠው ትእዛዝ) አይጠይቀውም፤ ንጣፉም ካልቆለፋችሁት ክፍት ነው። ፍላሹ ታክሲ ውስጥ ከወደቀ ያገኘው ሰው ብሮውዘራችሁ ያስቀመጠውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ቴይልስ የሚባለው፣ ለምስጢር ጥበቃ የተሠራው ላይቭ ሊኑክስ ፐርሲስተንት ስቶሬጁን በሉክስ (በሊኑክስ የዲስክ መቆለፊያ) የሚቆልፈው ለዚህ ነው፤ ሙሉ ኢንስቶሌሽን ስትሠሩም ሉክስን የምትመርጡት ገና ስትጭኑ ነው፣ በኋላ ልጨምር ማለት ጣጣው ብዙ ነው።