«ባለ 12 ቮልት» ሶላር ፓነል ምንድን ነው?

«ለመኖሪያ መኪናህ ባለ 12 ቮልት ፓነል ብቻ ግዛ፤ የቤት ጣሪያ ፓነል ባትሪህን ያቃጥለዋል።» ይህን ምክር ስንቴ እንዳየሁት! ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ በሙሉ ልብ ደገመው። ሰው በዚህ ተመርቶ ገንዘቡን ስለሚያወጣ ዝም ማለት አልችልም።

ባለ 12 ቮልት የሚባለው ፓነል 12 ቮልት አይሰጥም። ቁጥሩ ፓነሉ የሚሞላው ባትሪ ቮልት ነው። ፓነሉ አብዛኛውን ጊዜ 36 ሴሎች አሉት፤ ሥራ ላይ ሲሆን 18 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ትርፉ የግድ ነው። ባትሪው ለመሙላት ከ14 ቮልት በላይ ይፈልጋል፤ ፓነሉ ሲግል ደግሞ ቮልቱ ይወርዳል፤ ሽቦውም ትንሽ ይበላል።

የቤት ፓነልስ? ባለ 60 ሴሉ 32 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ባትሪው ላይ በቀጥታ ብትሰካው ባትሪው ይጎዳል፣ እውነት ነው። ግን ባለ 18 ቮልቱም በቀጥታ ከተሰካ ይጎዳዋል እኮ! ባትሪውን የሚጠብቀው በፓነሉና በባትሪው መካከል የሚገባው መቆጣጠሪያ፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ ነው።

ወሳኙም እሱ ነው። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ ኮንትሮለር ዝርዝር እንደሌለው ባለሱቅ ነው። ትልቅ ኖት ስትሰጠው ዕቃውን ትወስዳለህ፤ መልሱ እዚያው ይቀራል። ፓነሉን ወደ ባትሪው ቮልት ስለሚያወርደው፣ 300 ዋት ፓነል 9.4 አምፒር በ13 ቮልት ብቻ ያስገባል፤ 122 ዋት መሆኑ ነው። ኤምፒፒቲ የሚባለው ሌላው ዓይነት ኮንትሮለር ግን ይመነዝራል። ትርፉን ቮልት በአምፒር ይመልስልሃል፤ ያው ፓነል 22 አምፒር ገደማ ያስገባል። ለምንዛሬው ጥቂት ከመቶ ይቆርጣል። አስተያየት ሰጪው ታዲያ ባለሱቁን ትቶ ኖቱን ይወቅሳል። በትንሽ ኖት ትልቅ ዕቃ አይገዛምና፣ አንድ ባለ 18 ቮልት ፓነል በተለመደው ኤምፒፒቲ የ24 ቮልት ባትሪ አይሞላም።

ባለሱቁም የሚቀበለው የኖት መጠን ገደብ አለው። እዚህ ላይ ግን እኔም እፈራለሁ። የቤት ፓነል ምንም ሳይጫንበት ሲለካ 40 ቮልት ገደማ ነው። ሁለቱን በተከታታይ ብታያይዝ 80 ይሆናል። ይህ የተለካው በ25 ዲግሪ ነው። ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፤ በዜሮ ዲግሪ ወደ 86 ይጠጋል። የኮንትሮለሩ ገደብ ከዚህ ካነሰ በብርዳማ ማለዳ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከፓነሉ ጀርባ «ቪኦሲ» (Voc) የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ምንም ሳይጫንበት ያለውን ቮልት፣ አንብብ፤ በፓነሎቹ ብዛት አባዛ፤ ለብርዱ ጨምርበት።

ሴል ቆጥሮ ቮልት መገመትም ያሳስታል። አሁን ብዙ ፓነሎች ግማሽ ሴል ይጠቀማሉ፤ ባለ 120 ግማሽ ሴሉ ከባለ 60ው ጋር ተቀራራቢ ቮልት ነው ያለው።

ጣሪያህ ላይ ለአንድ ሰፊ የቤት ፓነል ቦታ ከሌለ ትንንሾቹን ግዛ። ያ በቂ ምክንያት ነው።