ሜታሞዴል ምንድን ነው?

ስሙ ያስፈራል እንጂ ዳታቤዝ የነካ ሰው ሁሉ ሳያስበው ተጠቅሞበታል። ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ካላችሁ ኢንፎርሜሽን ስኪማ (ዳታቤዙ ስለ ራሱ መረጃ የሚይዝበት ክፍል) ውስጥ ገብታችሁ "ኮለምስ" የሚለውን ሰሌክት አድርጉ። የሚመጣላችሁ የደንበኞቻችሁ ስም አይደለም። ደንበኛ የሚባል ቴብል አለ፣ ውስጡ ስልክ የሚባል ኮለም አለ፣ ዓይነቱ ቴክስት ነው፣ ባዶ ይሆናል ወይ ለሚለው መልሱ "ኖ" ነው፤ እንዲህ ያለ መረጃ ነው የሚዘረግፍላችሁ። ሜታዳታ የሚባለው ይሄ ነው። ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ሜታዳታ ሪፖዚተሪ።

አሁን አንድ እርከን ከፍ እንበል። "ቴብል ኮለም አለው፣ ኮለም ዓይነት አለው" የሚለው ደንብ ራሱ የት ነው የተጻፈው? ሜታሞዴል እሱ ነው። ሞዴላችሁ "ደንበኛ ስልክ አለው" ይላል። ሜታሞዴሉ ግን ስለ ደንበኛ ደንታ የለውም፤ ሞዴል ስትሠሩ በምን በምን ነገር መሥራት እንደምትችሉ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ኦኤምጂ የተባለው የስታንዳርድ ድርጅት ይህን በአራት እርከን ከፍሎታል። ኤም 0 እውነተኛው ደንበኛ ነው፣ ኤም 1 ሞዴሉ፣ ኤም 2 ሜታሞዴሉ (ሶፍትዌር በሥዕል የሚነደፍበት ቋንቋ ዩኤምኤል እዚህ ነው ያለው)፣ ኤም 3 ደግሞ ሞፍ፣ ሜታሞዴሎች ራሳቸው የሚጻፉበት ቋንቋ። ከዚያ በላይስ? የለም። ሞፍ ራሱን በራሱ ስለሚገልጽ እዚያ ላይ ያበቃል።

ታዲያ ምን ይጠቅመናል? ብዙ ፎርም ያለው ሲስተም ትሠራላችሁ እንበል። ሜታሞዴላችሁ ሦስት ነገር ብቻ ያውቃል፦ ፎርም፣ ፊልድ፣ ደንብ። እያንዳንዱን ፎርም በእነዚህ ገልጻችሁ ሪፖዚተሪው ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ የዳታቤዙ ቴብል፣ ስክሪኑና የኤፒአዩ (ሌላ ፕሮግራም ከሲስተማችሁ ጋር የሚነጋገርበት በር) ማጣሪያ ሁሉ ከእሱ ይወጣሉ። አንዱን ፊልድ "ግዴታ" ካላችሁት ኮዱን እንደገና ስታስወጡ ሦስቱም ቦታ ላይ ይቀየራል። ለጃቫ ሰዎች የኤክሊፕስ ኢኤምኤፍ የተባለው መሣሪያ ይህን መሰል ሥራ ይሠራላችኋል፤ ሜታሞዴላችሁን በኢኮር (የኢኤምኤፍ የሜታሞዴል መጻፊያ ቋንቋ) ጻፉ፣ የጃቫ ኮዱን እሱ ያወጣዋል።

ለአምስት ቴብል ግን አትድከሙ፣ ትርፉ ልፋት ነው። ሁሉን ነገር አንድ ቦታ ልሰብስብ ማለትም ያው ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1989 ኤዲ ሳይክል ብሎ የሶፍትዌር ሥራን ሁሉ በአንድ የሜይንፍሬም (ትልቅ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ሪፖዚተሪ ዙሪያ ሊያሰባስብ ተነስቶ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ተወው። እኔ የምለው፣ ከሪፖዚተሪው ኮድ ካልወጣና ሰው በእጁ የሚሞላው ከሆነ፣ ኮዱ በተቀየረ በሳምንቱ የሚያድሰው የለም።