ዋይኪው ምንድን ነው? በአየር ትኬት ላይ «ታክስ» እየተባለ የሚከፈለው የአየር መንገዱ ገንዘብ

አንድ ደርሶ መልስ የባህር ማዶ ትኬት እንውሰድ። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋጋ 140 ዶላር ነው። ስምና የፓስፖርት ቁጥር ተሞልቶ መክፈያው ገጽ ላይ ሲደረስ ድምሩ 498 ዶላር ሆኖ ቁጭ ይላል። ልዩነቱ 358 ዶላር ሲሆን «ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያዎች» በሚል አንድ መስመር ተጠቅልሏል። አብዛኛው ሰው ይህን ሲያይ «መንግሥታቱ ናቸው እንዲህ የሚያስከፍሉት» ብሎ ይከፍላል። መስመሩ ሲዘረዘር ግን የመንግሥትና የኤርፖርት የሆነው 98 ዶላሩ ብቻ ነው። የቀረው 260 ዶላር የአየር መንገዱ የራሱ ገንዘብ ነው፤ በትኬቱ ላይ የሚጻፍበት ኮድም ዋይኪው ይባላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ትኬት ግን በረጅም በረራዎች ላይ በየቀኑ ይሸጣል።

ዋይኪው፣ እንዲሁም ወንድሙ ዋይአር፣ አየር መንገዱ በራሱ ውሳኔ በበረራው ዋጋ ላይ የሚጨምረው ክፍያ መለያ ነው። በልማድ «የነዳጅ ጭማሪ» ይባላል። ዛሬ ግን ብዙዎቹ አየር መንገዶች ስሙን «አጓጓዡ የጣለው ክፍያ» ወደሚል ለውጠውታል። ለዚህ አንዱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያወጣው ማሳሰቢያ ነው፦ አንድን ክፍያ «የነዳጅ» ብሎ የሚጠራ አየር መንገድ መጠኑ ከእውነተኛው የነዳጅ ወጪ ጋር የሚጣጣም መሆን አለበት። ከነዳጅ ጋር ማጣጣሙ ሲያስቸግር ስሙን መለወጡ ቀላል ሆነ። ገንዘቡ ግን እዚያው ቆየ።

የማንኛውም ዓለም አቀፍ ትኬት ዋጋ ሦስት ነገሮች ተደምረው የሚገኝ ነው። የመጀመሪያው የበረራው መነሻ ዋጋ ነው። ሁለተኛው የመንግሥታት ግብርና የኤርፖርት ክፍያ ነው። ሦስተኛው ዋይኪው ወይም ዋይአር ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር ሳይሆን ከሁለተኛው ጋር አብሮ በመጻፉ ነው። በሽያጭ ሥርዓቱ ውስጥ ለታክስ በተዘጋጀው ሣጥን ውስጥ፣ እንደ ታክስ በሁለት ፊደል ኮድ ስለሚገባ፣ ደረሰኙን የሚያነብ ሰው ከግብሩ ለይቶ አያየውም።

ሁለተኛውም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ኢካኦ በፖሊሲው ግብርና የአገልግሎት ክፍያን ለይቶ ያያቸዋል። የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ለተርሚናሉ፣ ለፍተሻው ወይም ለአየር ክልል ቁጥጥሩ የወጣውን ወጪ ለመሸፈን የሚሰበሰበው ነው። ግብር ደግሞ በቀጥታ ወደ መንግሥት በጀት የሚገባ ነው። በአሜሪካ ኤርፖርቶች ለአንድ አቅጣጫ ጉዞ የሚከፈለው 5.60 ዶላር የደኅንነት ክፍያ፣ ወይም ጃፓን እ.ኤ.አ. ከጥር 2019 ጀምሮ ከአገሯ ከሚወጣ መንገደኛ መሰብሰብ የጀመረችው 1,000 የን፣ መጠኑ በሕግ የተጻፈና ማንም ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። እውነተኛ ታክስ የሚታወቀው በዚህ ነው፦ በየትኛውም አየር መንገድ ቢኬድ፣ መስመሩና የመቀመጫው ደረጃ እስካልተለወጠ ድረስ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። በዚያው መስመር ላይ ከአንዱ አየር መንገድ ወደ ሌላው ሲኬድ «ታክሱ» ከ98 ወደ 358 ዶላር ከዘለለ፣ የዘለለው ታክስ አይደለም።

የነዳጅ ጭማሪ የተስፋፋው የነዳጅ ዋጋ በናረበት እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ጊዜያዊ ተብሎ ገባ። ከነሐሴ 2004 እስከ ጥር 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ በብሪቲሽ ኤርዌይስና በቨርጂን አትላንቲክ ረጅም ደርሶ መልስ በረራዎች ላይ ጭማሪው ከ5 ፓውንድ ወደ 60 ፓውንድ ወጣ። በኋላ ሁለቱ ስለ ጭማሪው መጠን እርስ በርስ ይመካከሩ እንደነበር ተጋለጠ። የእንግሊዝ የፍትሐዊ ንግድ ቢሮ በ2007 በብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ የ121.5 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ማሳወቁ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ቅጣቱ በ2012 ወደ 58.5 ሚሊዮን ዝቅ መደረጉ ግን እምብዛም አይነሳም። ቨርጂን ጉዳዩን ራሱ በማሳወቁ ከቅጣት ነፃ ሆነ። ይህን ማንሳት ያስፈለገው አንድ ነገር በግልጽ ስለሚያሳይ ነው፦ ዋይኪው ሕግ የሚወስነው ታክስ ቢሆን ኖሮ ሁለት ነጋዴዎች የሚመካከሩበት ነገር አይኖርም ነበር።

ይህ ማለት ግን በሁሉም ቦታ እንዳሻው ይጣላል ማለት አይደለም። የጃፓን አየር መንገዶች ጭማሪውን በሲንጋፖር የኬሮሲን (የአውሮፕላን ነዳጅ) ዋጋ ላይ ተመርኩዘው በየሁለት ወሩ ይከልሱታል፤ ሰንጠረዡንም አስቀድመው ያወጣሉ። በፊሊፒንስ ደግሞ የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርዱ ደረጃ እያወጣ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ይወስናል። ሰንጠረዥ በሚወጣበት ቦታ ሁሉ መታወቅ ያለበት የሚታየው የበረራው ቀን ሳይሆን ትኬቱ የተቆረጠበት ቀን መሆኑ ነው። ጭማሪው ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ከፍ እንደሚል ከተገለጸ፣ ከዚያ በፊት የተቆረጠ ትኬት በረራው ከስድስት ወር በኋላ ቢሆንም በድሮው መጠን ይሄዳል። ቦታ መያዝ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ተከፍሎ ትኬት ቁጥር መውጣት አለበት።

አየር መንገዱ ይህን ገንዘብ በመነሻ ዋጋው ውስጥ የማይጨምረው ለምንድን ነው? ድምሩ ያው አይደለም ወይ? ለገዢው ድምሩ ያው ነው፤ ከጀርባ ያለው ስሌት ግን ይለያያል። ቅናሽ የሚሰላው በመነሻ ዋጋው ላይ ነው። በምሳሌያችን ትኬት ላይ 10 በመቶ ቅናሽ ያለው ድርጅት የሚቀነስለት 14 ዶላር ብቻ ነው፤ ዋይኪው በመነሻ ዋጋው ውስጥ ቢሆን ኖሮ 40 ዶላር ይቀነስለት ነበር። ኮሚሽን የሚከፈለው የጉዞ ወኪልም በልማድ የሚያገኘው ከ140ው እንጂ ከ400ው አይደለም። የልጅ ትኬት ላይም እንዲሁ ነው፦ 25 በመቶ የልጅ ቅናሽ ሲባል የሚቀነሰው 35 ዶላር ሲሆን፣ ዋይኪው አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዋቂ ሙሉውን ይጠየቃል። ሦስት ልጆች ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ «የልጅ ቅናሽ አለ» ተብሎ ከሄደ በኋላ ድምሩ ለምን እንዳልወረደ ግራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚያም የሚሆነው በማይል፣ ማለትም አየር መንገዱ ለደንበኛው በሚሰጠው የጉዞ ነጥብ፣ በተገዛ ትኬት ላይ ነው። ማይሉ የሚሸፍነው መነሻ ዋጋውን ነው። ዓመታት የተጠራቀመ ማይል ተከፍሎ 140ው ዶላር ይጠፋና 358ቱ በጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል። ያንኑ መስመር ዋይኪው በማያስከፍል አየር መንገድ ብንይዘው፣ ትኬቱ ለምሳሌ 380 መነሻ ዋጋና 98 ታክስ ተደምሮ 478 ዶላር ሊሆን ይችላል። በማስታወቂያው ላይ «ውድ» የመሰለው ትኬት በድምሩ በ20 ዶላር ይረክሳል፤ በማይል ሲገዛ ደግሞ የሚከፈለው 98 ዶላር ብቻ ይሆናል። ብዙ የማይል ፕሮግራሞች በሽርክና የሚሠሩ የሌሎች አየር መንገዶችን በረራ ስለሚያስይዙ፣ ማይሉን ከማዋል በፊት የትኛው ሸሪክ ዋይኪው እንደሚጥል ማየት ያዋጣል።

ታዲያ ትኬቱ ላይ እንዴት ይገኛል? የኤሌክትሮኒክ ትኬቱ ደረሰኝ ሲከፈት ግርጌው አካባቢ የዋጋ ክፍል አለ። መጀመሪያ መነሻ ዋጋው ለብቻው ይጻፋል፤ ቀጥሎ ታክሶቹ ከነኮዳቸው ይደረደራሉ። ቁጥሩ ይቀድምና ኮዱ ተጣብቆ ይመጣል፤ 260.00 የሚል ቁጥር ዋይና ኪው ፊደላት ተለጥፈውበት ከታየ እሱ ነው። በድሮው የትኬት አሠራር ለታክስ ሦስት ሣጥን ብቻ ስለነበር፣ ከዚያ የበዛው ኤክስቲ በሚል ኮድ ተደምሮ ይቀመጣል። ኤክስቲ ራሱን የቻለ ታክስ አይደለም፤ ከረጢት ነው። ዝርዝሩ ከሥሩ ባለው ረጅም የዋጋ ስሌት መስመር መጨረሻ ላይ ይገኛል። በዚያው መስመር ላይ ከከተማዎቹ ኮዶች መካከል ኪው ብቻውን ከቁጥር ጋር ቆሞ ከታየ፣ ያም ሌላ የአየር መንገዱ ጭማሪ ነው፤ ልዩነቱ እሱ በመነሻ ዋጋው ውስጥ የተቆጠረ መሆኑ ነው።

ከመግዛት በፊት ማየት ለሚፈልግ ደግሞ የጉግል የሆነው አይቲኤ ማትሪክስ የተባለው መፈለጊያ አለ። ትኬት አይሸጥም፤ ዋጋውን ግን መስመር በመስመር ይበትነዋል። መነሻና መድረሻ ከተማ፣ ቀንና የመንገደኛ ብዛት ይሞላል፤ በረራው ይመረጣል፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ እያንዳንዱ ታክስ ከነኮዱ ይወጣል። የጉዞ ወኪልም ከተጠየቀ ይህንኑ ከሲስተሙ ላይ በአንድ ደቂቃ አውጥቶ ያሳያል። «ታክሱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን አይበቃም፤ «ዋይኪውና ዋይአሩ ስንት ነው?» ተብሎ በስሙ መጠየቅ አለበት።

ከእውነተኞቹ ታክሶች መካከል አቅዶ መቀነስ ከሚቻሉት ትልልቆቹ አንዱ የእንግሊዝ የአየር መንገደኛ ቀረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ ሲሆን የሚጣለውም ከእንግሊዝ ኤርፖርት በሚነሳ መንገደኛ ላይ ነው። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ፣ መድረሻው አገር ዋና ከተማ ከለንደን ከ2,001 እስከ 5,500 ማይል ለሚርቅ በረራ፣ በኢኮኖሚ 90 ፓውንድ፣ ከዚያ በላይ ባለው መቀመጫ 216 ፓውንድ ሆኖ ነበር፤ መጠኑም በየጊዜው በሚያዝያ ይከለሳል። ትራንዚት መንገደኛ ግን ነፃ ነው። ከሌላ አገር መጥቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ አይከፍልም። ለንደን ላይ የሚኖረው ቆይታ 23 ሰዓት ተኩል ከሆነ ቀረጡ የለም፤ 25 ሰዓት ከሆነ ሙሉው ይጨመራል። አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ የሚነሳ ሁለተኛ በረራ በመመረጡ ብቻ 90 ፓውንድ ወጣ ማለት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት መያያዝ አለባቸው። «ረክሶ አገኘሁት» ተብሎ ለየብቻ የተገዙ ሁለት ትኬቶች ከሆኑ ቆይታው ሦስት ሰዓት ብቻ ቢሆንም ሁለተኛው ትኬት ከለንደን እንደተነሳ አዲስ ጉዞ ተቆጥሮ ቀረጡ ይጣልበታል። በኢኮኖሚ የሚጓዙ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችም ነፃ ናቸው። የሽያጭ ሥርዓቶች ግን 12 ዓመት የሞላውን እንደ አዋቂ ስለሚመዘግቡ፣ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ልጅ ትኬት ላይ ቀረጡ ተቆርጦ ከተገኘ አየር መንገዱ እንዲመልስ መጠየቅ ይገባል።

ተመላሽ ገንዘብ ላይ በታክስና በዋይኪው መካከል ያለው ልዩነት ይጎላል። ትኬቱ «የማይመለስ» ቢሆንም፣ ከመነሳት ጋር የተያያዘ ታክስ መንገደኛው ካልተነሳ ለመንግሥት አይከፈልም። ስለዚህ ብዙ አየር መንገዶች ከተጠየቁ ይመልሱታል፤ አንዳንዶቹ የአስተዳደር ክፍያ ቀንሰው ነው። ዋይኪው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሕግ ይከተላል፦ ዋጋው የማይመለስ ከሆነ እሱም አይመለስም። በምሳሌያችን ትኬት ላይ ሊመለስ የሚችለው 98ቱ ነው እንጂ 358ቱ አይደለም። ጥያቄው የሚቀርበው ትኬቱን ለቆረጠው አካል ነው፤ በወኪል የተገዛ ከሆነ አየር መንገዱ ወደ ወኪሉ ይመልሳል። በረራው ከመነሳቱ በፊት መሰረዝም የግድ ነው። ሳይሰርዝ የቀረ መንገደኛ በብዙ የዋጋ ሕጎች ላይ የተለየ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ የመልሱ በረራም አብሮ ይሰረዝበታል።

ቀን ሲለወጥ የሚጠየቀውም አንድ ነገር አይደለም። የለውጥ ቅጣት፣ የዋጋ ልዩነትና የታክስ ልዩነት ተደምረው ይመጣሉ። በአዲሱ ትኬት ላይ ፒዲ የሚል ምልክት ያለበት ታክስ ቀድሞ የተከፈለ ነው፤ ሁለተኛ መጠየቅ የለበትም። በለውጥ ጊዜ የተጠየቀው ድምር ከበዛ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው።

ከዋይኪው ውጭ ያሉት ጭማሪዎች፣ ማለትም ሻንጣ፣ መቀመጫ መምረጫና የወኪሉ አገልግሎት ክፍያ፣ ቢያንስ በስማቸው ስለሚጠሩ ለመለየት አይከብዱም። አንዱ ብቻ ይደበቃል፦ የመክፈያው ገጽ «በካርድዎ አገር ገንዘብ መክፈል ይፈልጋሉ?» ሲል የሚያቀርበው ምንዛሪ። ምንዛሪውን የሚወስነው ሻጩ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከባንኩ ይብሳል፤ ትኬቱ በተተመነበት ገንዘብ መክፈል ይሻላል።

ሕጉም በሁሉም ቦታ ዝም አላለም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1008/2008 በአንቀጽ 23 የማይቀሩ ክፍያዎች ሁሉ የተካተቱበት የመጨረሻ ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲታይ ያዛል፤ መነሻ ዋጋው፣ ታክሱ፣ የኤርፖርት ክፍያውና ሌሎች ጭማሪዎች ለየብቻ እንዲገለጹም ያስገድዳል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከጥር 2012 ጀምሮ በማስታወቂያ ላይ ሙሉው ዋጋ እንዲጻፍ አድርጋለች። እንደገና በአሜሪካ ደንብ፣ ጉዞው ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቀረው በቀጥታ ከአየር መንገዱ የተያዘ ትኬት፣ አየር መንገዱ በነፃ ማስያዝ ካልፈቀደ በስተቀር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ይሰረዛል፤ ያን ጊዜ ዋይኪውም ሳይቀር ይመለሳል። ደረሰኙን ከፍቶ ኮዶቹን አንድ በአንድ ለማየት ያ 24 ሰዓት በቂ ነው።